ክርክሩን ከማየታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ፦ የአሜሪካን ምርጫ ዜና ሳይሸወዱ መከታተያ

የዴሞክራቶቹ ዕጩ ካማላ ሐሪስና የሪፐብሊካኖቹ ዕጩ ዶናልድ ትራምፕ ፊላዴልፊያ ላይ የተከራከሩት ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ማታ ነው። በእኛ ጳጉሜ 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ቨርጂኒያ ያለው ቤታችን ውስጥ የዶሮው ሽንኩርት እየተቁላላ ነው፣ ልጆቹ ለነገ ጠዋት አበባ እየሣሉ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ተከፍቷል።

ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። የባለቤቴ አጎት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ለዓመታት ታክሲ ሲነዱ የወግ አጥባቂዎቹን ሬዲዮ እየሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ፎክስ ካልሆነ አይከፍቱም። እህቴ ደግሞ ከኤምኤስኤንቢሲ ውጪ ሌላ ጣቢያ ያለ አይመስላትም (ጣቢያው አሁን ስሙን ኤምኤስ ናው ብሏል)። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሁለቱም ይጮኻሉ። ተከራካሪዎቹ ምን እንዳሉ የሰማ ሰው የለም። እኔ ማማሰያዬን አስቀምጬ አንድ የመብራት ቢል ፖስታ አነሣሁና ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ይሄ መመሪያ የመጣው ከዚያ ፖስታ ነው።

ማንን እንደምትመርጡ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቶቹ ግን በእኛው ናቸው፤ ምሽት 1 ሰዓት ስል ፀሐይ ገና መግባቷ ነው።

1. የምታዩት ነገር ዜና ነው ወይስ አስተያየት? መጀመሪያ ይሄን ለዩ

አንድ ጣቢያ አንድ ነገር አይደለም። ቀን የሚዘግበው ጋዜጠኛ ሌላ፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ፊቱን አጥቁሮ የሚቆጣው አቅራቢ ሌላ ነው። ሁለቱም ያው ዓርማ ሥር ስለተቀመጡ አንድ ይመስሉናል።

ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከ1949 ጀምሮ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይ ሲያነሡ የተለያየውን ወገን ሐሳብ እንዲያሰሙ የሚያስገድድ ደንብ ነበረው። ደንቡ በ1987 ተሻረ። በማግሥቱ ዓመት ወግ አጥባቂው የሬዲዮ አቅራቢ ራሽ ሊምቦ በመላ አገሪቱ መሰማት ጀመረ፤ ጋሼ የሚያዳምጡት ዓይነት ሬዲዮ የተስፋፋው ያኔ ነው። በ1996 ደግሞ ፎክስ ኒውስና ኤምኤስኤንቢሲ በወራት ልዩነት ተከፈቱ። «ደንቡ ባይሻር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» የሚሉ አሉ። እኔ ያን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። ደንቡ የሕዝብ የአየር ሞገድ የሚጠቀሙትን የሚመለከት እንጂ ለኬብል የተሠራ አልነበረም።

እና በተግባር ምን ታደርጋላችሁ? ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ የሚናገረው ሰው ስም ሥር ምን ተጽፏል? ዘጋቢ ነው፣ ተንታኝ ነው ወይስ የአንዱ ዕጩ የቀድሞ ሠራተኛ? ሁለተኛ፣ ቦታ ላይ ነው ያለው? ሰው አናግሯል? ሰነድ ይዟል? ወይስ ስቱዲዮ ተቀምጦ ሌላው ያለውን ያብጠለጥላል? ሦስተኛ፣ አምስት ደቂቃ ስሙና አዲስ የተነገራችሁን ነገር ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የቀረው ቁጣ ነው።

ጋዜጣ ላይም ያው ነው። ርዕሰ አንቀጽ የሚጽፉት ዜና የሚያጣሩት ሰዎች አይደሉም። በኦክቶበር 2024 ዋሽንግተን ፖስት ለየትኛውም ዕጩ ድጋፍ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ምርጫው ሊደርስ 11 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ውሳኔው የባለቤቱ የጄፍ ቤዞስ መሆኑ ሲሰማ፣ የሕዝብ ሬዲዮው ኤንፒአር እንደዘገበው፣ ከ250,000 በላይ ሰዎች ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። እህቴም አንዷ ናት። ግን ውሳኔው የቤዞስ መሆኑን ከዘገቡት ውስጥ የራሱ የፖስት ጋዜጠኞች ነበሩበት። በባለቤቱ ተናድዳ የዘጋቢዎቹን ሥራ ማንበብ አቆመች ማለት ነው። አሁንም ስነግራት ትናደዳለች።

2. ክርክሩን ሙሉውን እዩ፤ ስታዩ ጻፉ

ዋናው ይሄ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

ወረቀቱን በቁመት ለሦስት ክፈሉት። ማን አለ፣ ምን አለ፣ በምን ይጣራል። ሁሉን አትጻፉ፤ አትችሉም። «አገራችንን ታላቅ አደርጋለሁ» አይጣራም፣ እለፉት። ተስፋና ስድብም እለፉ። የምትጽፉት ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ ወይም «ከሁሉ የከፋ»፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ»፣ «አንድም የለም» የሚሉ ቃላት ያሉበትን ነው። እንዲህ ያለ ቃል የሰማችሁ ዕለት እስክሪብቶ አንሡ። ፖለቲከኛ የሚንሸራተተው እነዚህ ቃላት ላይ ነው።

የእኔ ፖስታ ላይ የተጻፉት አራት ነበሩ።

የመጀመሪያው የሐሪስ ነው። ትራምፕ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት (ከ1930ዎቹ) ወዲህ የከፋውን ሥራ አጥነት ጥሎልን ሄደ አለች። ይሄ የሚጣራው በሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ለማንም ክፍት ነው፣ በየወሩ ይወጣል። ኤፕሪል 2020 ኮሮና አገር ሲዘጋ ሥራ አጥነቱ 14.8 ከመቶ ደርሷል። እውነትም ከዚያ የከፋ ከድቀቱ ወዲህ የለም። ግን ትራምፕ ጃንዋሪ 2021 ሲወጣ 6.4 ከመቶ ወርዷል። በ2009 መጨረሻ እንኳን 10 ከመቶ ነበር። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የተንሸራተተው «ጥሎልን ሄደ» የሚለው ግሥ ነው።

ሁለተኛው የትራምፕ ነው። የዋጋ ንረቱ ምናልባት በአገሪቱ ታሪክ የከፋው ነው አለ። እዚያው ቢሮ ግቡ። ጁን 2022 ላይ ንረቱ 9.1 ከመቶ ነበር፤ በ40 ዓመት ውስጥ ትልቁ። ሱቅ ገብቶ ዕንቁላል የገዛ ሁሉ ያስታውሰዋል። በ1980 ግን ከ14 ከመቶ በላይ ነበር። «በ40 ዓመት» ቢል ትክክል ነበር። «በታሪክ» አለ።

ሦስተኛው ደግሞ የሐሪስ። በዓለም ላይ በየትኛውም የጦርነት ቀጠና በግዳጅ ላይ ያለ አንድም የአሜሪካ ወታደር የለም አለች። ጋሼ ከሶፋው ብድግ አሉ። ልክ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በይፋ የሚነገረው ቁጥር ኢራቅ ውስጥ 2,500፣ ሶርያ ውስጥ 900 ገደማ ወታደር ነበር። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ዮርዳኖስ ውስጥ ሦስት የአሜሪካ ወታደሮች በድሮን ተገድለዋል። አሜሪካ በይፋ ያወጀችው ጦርነት የለም ብሎ ሊከራከርላት የሚሞክር ይኖራል። የሞቱት ልጆች ቤተሰብ ግን አይሰማውም።

አራተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስፕሪንግፊልድ ኦሃዮ ውስጥ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት እየበሉ ነው የሚለው። አወያዩ ዴቪድ ሙር ወዲያው አቋረጠና የከተማውን ሥራ አስኪያጅ እንደጠየቁ፣ ተአማኒ ጥቆማ እንዳልደረሰ ነገረው። ትራምፕ ሰዎች በቴሌቪዥን ሲናገሩ ማየቱን መለሰ። ምንጩን ወደ ኋላ እየተከተላችሁ ብትሄዱ አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ላይ ትደርሳላችሁ። ጻፊዋ ራሷ ያየችው ነገር የለም። ከጎረቤት ሰምታለች፣ ጎረቤቷም ከሌላ ሰው ሰምታለች። በእኛ ሰፈር ቋንቋ «አለች አሉ» ነው። ከዚያ በኋላ በከተማዋ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ላይ ከ30 በላይ የቦምብ ማስፈራሪያ መጣ፤ ሁሉም ሐሰት ሆነ። የግዛቱ ገዥ ማይክ ዴዋይን ሪፐብሊካን ናቸው፤ ወሬው መሠረት የለውም ካሉት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

አራቱን አንድ ላይ ስታዩ የጋሼ ቅሬታ ይገባችኋል። አወያዮቹ ትራምፕን እዚያው መድረክ ላይ ደጋግመው ሲያርሙ፣ ሐሪስን አላረሟትም። የድመቱ ወሬና «ጥሎልን ሄደ» እኩል ናቸው እያልኩ አይደለም። የድመቱ ወሬ ሰው ላይ የቦምብ ማስፈራሪያ ያመጣል። ግን ቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ሪፐብሊካን ሚዛኑ ሲያዘነብል አይቷል፣ አላበደም። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋሉፕ በ1976 ሲጠይቅ 72 ከመቶ አሜሪካዊ መገናኛ ብዙኃንን አምናለሁ ብሎ ነበር። በ2024 ወደ 31 ወርዷል። ከዴሞክራቶች 54 ከመቶ ሲያምኑ፣ ከሪፐብሊካኖች 12 ብቻ።

3. ክርክሩ እንዳለቀ ቴሌቪዥኑን ዝጉት

ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ልክ ክርክሩ ሲያልቅ የሁለቱም ወገን ሰዎች «አሸነፍን» ለማለት ተዘጋጅተው ቆመዋል። ገና የራሳችሁን ሳታስቡ የእነሱን ትውጣላችሁ። እኔ የዚያን ማታ ወደ ድስቱ ተመለስኩ፣ ቅቤና በርበሬ ጨመርኩ፣ ከዚያ ማጣራት ጀመርኩ። ክርክሩ ቃል በቃል የተጻፈበትን ሙሉ ጽሑፍ በማግሥቱ አግኝታችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። አንድ ሰው «እንዲህ አለ» ሲላችሁ የቃሉን ሦስት አራት ፊደል ገጹ ላይ ፈልጉት። አለ ወይም የለም።

4. አንዱን ወሬ ሦስት ቦታ አንብቡ

ከቀኙ (ወደ ሪፐብሊካን ከሚያደላው) አንድ፣ ከግራው (ወደ ዴሞክራት ከሚያደላው) አንድ፣ ከዜና አገልግሎት አንድ። አሶሼትድ ፕሬስና ሮይተርስ ለቀኙም ለግራውም ጋዜጣ ዜና ይሸጣሉ። አንዱን ወገን ማስደሰት ትርፍ አያመጣላቸውም። ለዚህ ነው ጽሑፋቸው ደረቅ የሆነው። ደረቅነቱን ውደዱት።

ስታነጻጽሩ ሁለት ነገር ታያላችሁ። የመጀመሪያው ስም ነው፤ ያው ሰው አንዱ ዘንድ «ሕገወጥ ስደተኛ»፣ ሌላው ዘንድ «ሰነድ የሌለው ስደተኛ» ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያልተጻፈው ነው። አንዱ ቦታ ያለ፣ ሌላው ቦታ የጠፋ እውነታ ካለ፣ የጠፋበት ቦታ ብዙ ይናገራል።

5. አማርኛው ላይ ሌላ ወንፊት ጨምሩ

ዩቲዩብ ላይ «ሰበር» ተብሎ በቀይ የተጻፈ ምስል ስታዩ፣ የትርጉም ትርጉም ሊሆን ይችላል ብላችሁ ጠርጥሩ። መጀመሪያ የምሰማው ምንጩን ነው። «እንደተዘገበው» ብሎ ማን እንደዘገበ ካልነገረኝ እዘጋዋለሁ።

የሕግ ቃል ሲመጣ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ። የትራምፕ የኒውዮርክ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማርች 2023 ተከሰሰ። ሜይ 30 ቀን 2024 ከተራው ሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) በ34 ክሶች ጥፋተኛ አሉት። ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ዳኛው ቅጣቱን ሲያነብቡ እስርም የገንዘብ መቀጮም የለበትም። ክስ፣ ጥፋተኛነት፣ ቅጣት። ሦስት የተለያዩ ቀኖች፣ ሦስት የተለያዩ ነገሮች። «ተፈረደበት» የሚለው አንድ ቃል ሦስቱንም ይውጣቸዋል። እኔ ራሴ በ2023 «ተፈረደበት» የሚል ርዕስ አይቼ ለአክስቴ አዲስ አበባ ደውያለሁ። የተከሰሰው ገና ያን ሳምንት ነበር።

በዚህ ወንፊት ላይ የራሳችሁን እውቀት ጨምሩበት። የምታውቁትን ጉዳይ አንድ ጣቢያ እንዴት እንደዘገበው እዩ። ኦክቶበር 23 ቀን 2020፣ ምርጫው ሊደርስ 11 ቀን ሲቀረው፣ ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገር ስለ ህዳሴ ግድብ ተናገረ። ጋዜጠኞች እዚያው ነበሩ፤ ተቀርጿል። ያለው ግብፅ መጨረሻ ላይ ግድቡን ታፈነዳዋለች ነው። እኛ ግሩፕ ውስጥ ሲደርስ «እናፈነዳዋለን አለ» ሆኗል። የመጀመሪያው ራሱ በቂ ክፉ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያም የአሜሪካን አምባሳደር ጠርታ ማብራሪያ ጠይቃበታለች። መቀባት አያስፈልገውም። ያኔ ቪዲዮውን ሳያዩ «እናፈነዳዋለን» ብለው ያወሩትን አማርኛ ቻናሎች እስከ ዛሬ በጥንቃቄ ነው የማያቸው።

6. ቪዲዮና ድምፅ ሲላክላችሁ

ጃንዋሪ 2024 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ የመጀመሪያ ዙር ምርጫው (ፓርቲዎቹ ዕጩአቸውን የሚለዩበት) ሁለት ቀን ሲቀረው የብዙ ሰው ስልክ ጮኸ። ድምፁ የባይደን ነው። ድምፃችሁን ለኖቬምበር አስቀምጡ፣ አሁን አትምረጡ ይላል። ባይደን አልተናገረውም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነበር። ያሠራው የፖለቲካ አማካሪ 6 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ልብ በሉ፣ ውሸቱ ድምፁ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያ ዙር የመረጠ ሰው ኖቬምበር ላይ እንደገና ይመርጣል። ምርጫው እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ድምፁን ባይጠረጥር እንኳ መልእክቱን ይጠረጥራል።

አሠራሩ ቀላል ነው፦

- ቪዲዮው ስንት ሰከንድ ነው? ከግማሽ ደቂቃ በታች ከሆነ የተቆረጠ ነው በሉ። ከፊትና ከኋላ ያለውን ፈልጉ።
- አስቁሙት፣ ስክሪን ሹት አንሡ፣ ጉግል ሌንስ ላይ ጫኑት። ያው ምስል ከሦስት ዓመት በፊት ወጥቶ ከሆነ ይነግራችኋል።
- የምርጫ ቀን፣ ቦታ ወይም መታወቂያ የሚመለከት ከሆነ ከግዛቱ የምርጫ ቢሮ በቀር ማንንም አትመኑ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ የከተማው ምርጫ ቦርድ በአማርኛም መረጃ ያወጣል።

ፋክትቼክ ዶት ኦርግ እና ፖሊቲፋክት የሚባሉ፣ የፖለቲከኞችን ንግግር የሚያጣሩ ድረ ገጾችም አሉ። እኔ የምጠቀምባቸው ፍርዳቸውን ለመቀበል ሳይሆን ያያያዙትን ሰነድ ለመክፈት ነው። «ግማሽ እውነት» የሚለውን ማኅተማቸውን ጋሼ አይቀበሉም፣ ሰነዱን ግን ያነባሉ።

7. ፖል ሲወጣ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ

ፖል የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ነው። አጭር ላድርገው። አንዱ 48፣ ሌላው 46 ከሆነና የስህተት ህዳጉ (ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዛነፍ የሚችልበት መጠን) 3 ከሆነ፣ ማን እንደሚመራ አይታወቅም። አለቀ። አሸናፊው የሚለየው በየግዛቱ ውጤት ስለሆነ የአገር አቀፉን ሳይሆን የግዛቶቹን እዩ፤ ሒላሪ ክሊንተን በ2016 ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጣ ተሸንፋለች። አንድ ፖል ብቻ አይታችሁ ደግሞ ጮቤ አትርገጡ። ኖቬምበር 2024 መጀመሪያ ላይ በአዮዋ ግዛት ጉዳይ ስሟ የተከበረው ፖል ሠሪ አን ሴልዘር ሐሪስ በ3 ነጥብ ትመራለች የሚል ውጤት አወጣች። እህቴ ያን ቀን ደስታዋን አልቻለችውም። ትራምፕ አዮዋን በ13 ነጥብ ወሰደ።

8. የምርጫው ሌሊት

በ2000 ፍሎሪዳ ላይ የሆነውን አንዴ በደንብ ካወቃችሁ ለሌላው ሁሉ ይበቃችኋል። ምሽት 2 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ትላልቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፍሎሪዳ የዴሞክራቱ የአል ጎር ናት አሉ። የግዛቱ ምዕራባዊ ጫፍ በሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ እዚያ የምርጫ ጣቢያዎች ገና አልተዘጉም ነበር። ምሽት 4 ሰዓት ገደማ «ይቅርታ፣ ገና ነው» ብለው መለሷት። ሌሊት 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ሪፐብሊካኑ ቡሽ አሸነፈ አሉ፤ ፎክስ ቀደመ፣ ሌሎቹ በደቂቃዎች ተከተሉት። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይሄንንም መለሱ። አሶሼትድ ፕሬስ ቡሽ አሸነፈ የሚለውን አላወጀም፤ ቁጥሩ አይበቃም ብሎ ቆየ። መጨረሻ ላይ ልዩነቱ 537 ድምፅ ሆነ።

2020 ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ትራምፕ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት ከ600,000 በላይ ድምፅ ይመራ ነበር። ባይደን በ80,000 ገደማ አሸነፈ። ጋሼ እስከ ዛሬ «ሌሊት ምን መጣ?» ይላሉ። የመጣው ፖስታ ነው። የግዛቱ ሕግ በፖስታ የመጣውን ድምፅ ከምርጫው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት በፊት መክፈት ይከለክላል። በኮሮናው ጊዜ ሪፐብሊካኖች በብዛት በአካል፣ ዴሞክራቶች በብዛት በፖስታ መረጡ። በአካል የተሰጠው ቶሎ ይቆጠራል፣ ፖስታው ግን ፊርማው ታይቶ፣ ተከፍቶ፣ ተዘርግቶ ነው የሚቆጠረው። ይሄ እንደሚሆን ከምርጫው ሳምንታት በፊት ተጽፎ ነበር፤ ያነበበ ጥቂት ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረት ለፔንሲልቬንያ ቆጠራ የተተረተ ይመስላል።

ይሄን አለማስረዳት ዋጋ አለው። ፎክስ፣ ዶሚኒየን ይባል የነበረው የድምፅ መስጫ ማሽን አምራች ምርጫውን አጭበረበረ የሚል ወሬ ካስተላለፈ በኋላ ተከሰሰ። በክሱ ሂደት የወጡት መልእክቶች አቅራቢዎቹ ለብቻቸው ሲሆኑ ወሬውን እንደማያምኑት አሳዩ። ኤፕሪል 2023 ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። እህቴ ይሄን ቁጥር በቃሏ ትይዘዋለች። በ2004 ሲቢኤስ በቡሽ የውትድርና አገልግሎት ላይ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ ያልቻለውን ሰነድ ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው አቅርቦ ይቅርታ እንደጠየቀ ግን ረስታዋለች። ጋሼ አልረሱም።

ለሌሊቱ እንዲህ አድርጉ። አንድ ጣቢያ ብቻ ክፈቱ። «ይመራል» ከሚለው ይልቅ ስንት ከመቶ እንደተቆጠረ እዩ፤ 40 ከመቶ ላይ ያለ ቁጥር ገና ወሬ ነው። የትኛው ወረዳ እንደቀረ ጠይቁ፤ ከተማ ነው ወይስ ገጠር? «አሸነፈ» ለማለት አሶሼትድ ፕሬስን ጠብቁ፤ ከ1848 ጀምሮ ሲቆጥሩ የኖሩ ናቸው። 2024ን ያወጁት ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ከ34 ላይ ነበር።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ በኖቬምበር ከዋሽንግተን 8 ሰዓት ትቀድማላችሁ። ቨርጂኒያና ጆርጂያ የምርጫ ጣቢያዎቻቸውን ሲዘጉ እናንተ ዘንድ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ ስትዘጋ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ተኝታችሁ ብትነሡ የሚያመልጣችሁ የለም። የሚቀጥለው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ኖቬምበር 7 ቀን 2028 ነው፣ ማክሰኞ።

9. ከዘመድ ጋር ስትነጋገሩ

ትልቅ ሰውን ግሩፕ ውስጥ፣ 60 ሰው ፊት «ይሄ ውሸት ነው» አትበሉ። እውነት ቢሆንም አትበሉ። ለብቻቸው ደውሉ፣ ሰላምታውን አሟሉ፣ ጤናቸውን ጠይቁ፣ ከዚያ ጥያቄ ጠይቁ። ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ይሁን።

የዚያን ማታ እንዲህ ነበር የሄደው። ፖስታዬን ይዤ ጋሼ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«ጋሼ፣ የወታደሩን ነገር አጣራሁት። እርስዎ ልክ ነበሩ። ሐሪስ ተሳስታለች።»

ዝም ብለው አዩኝ። ይሄን አልጠበቁም።

«ኢራቅ አሉ አይደል?»

«አሉ፣ 2,500 ይሆናሉ። ሶርያም አሉ። አሁን የዋጋ ንረቱን ልጠይቅዎ። በታሪክ የከፋ ነው አለ። እርስዎ በ1980 እዚህ ነበሩ?»

«አልመጣሁም። በ1984 ነው የመጣሁት።» ትንሽ አሰቡ። «የመጡት ሰዎች ያወሩ ነበር፣ የቤት ብድር ወለዱ ሰማይ ነው ይሉ ነበር።»

የሐሪስን ስህተት ሳልናገር የትራምፕን አላነሣሁባቸውም። ይሄ ነው ዘዴው፤ ከራሳችሁ ወገን ስህተት ጀምሩ። ከእህቴ ጋር ባለው ጉዳይ ደግሞ የ«ጥሎልን ሄደ»ን ቁጥር ስነግራት ወጥ ቤት ገብታ ዶሮውን ማማሰል ጀመረች። ወጡ ሊያርር ነበር፣ ስለዚህ ጥሩ ሆነ።

ጋሼ አሁንም ፎክስን ነው የሚያዩት። አሁንም በሳምንት አሥር ቪዲዮ ይልኩልኛል። ግን ከሥሩ «አጣሪልኝና ደውይ» ብለው ይጽፋሉ።